ስም ከነአያት

በ1971 ዓ.ም. ቢሰጥ የሚባል ሰው አዋሽ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ንጋትወርቅ በመጡ በዓመቱ በወባ ሞታበት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ለብቻው ይኖራል። በሥራ ቀን ባለጉዳይ ያናግረዋል። ቅዳሜ ቢሮው ሲዘጋ ግን እስከ ሰኞ ጠዋት አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ሰኞ ሙስሊማ የምትባል ሴት ማመልከቻ ይዛ መጣች። ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላት የወሎ ሰው ናት። ባሏን ከድሩን ታጣቂዎች ከሻይ ቤቱ ከወሰዱት ሰባት ወር ሆኖታል፤ የት እንዳለ የነገራት የለም። ጎረቤት በእርሳስ የጻፈላት ወረቀት «ባሌን ከድሩን ፈልጉልኝ» ይላል፤ ሌላ የለውም።

«ይሄ አይሆንም» አላት ቢሰጥ። «ከድሩ ማን? ከነአያቱ ንገሪኝ።»

«ከድሩ ሰይድ እንድሪስ።»

«የት ተወለደ? ምልክትስ አለው?»

«ባቲ ነው የተወለደ። የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም፤ የባቡር በር ነው የቆረጣት።» ይህን ስትል የራሷን ትንሽ ጣት ጨብጣ ነበር።

ሥራው መቀበል እንጂ መጻፍ አልነበረም። ቢሆንም ካርቦን አግብቶ በሁለት ቅጂ ጻፈላት።

«እያለቀስኩ እንደምለምን አድርገው ይጻፉልኝ» አለችው።

«ልመና አይደለም፤ ማመልከቻ ነው። ዛሬ ባይመልሱልሽ እንኳ፣ ነገ አልጠየቀችም ሊሉሽ አይችሉም።»

ሁለቱም ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚለውን ማኅተም አሳረፈ፣ ቁጥርና ቀን ጻፈ፣ አንዱን ሰጣት። «አላህ ይስጥዎት» ብላ ወረቀቱን በነጠላዋ ጠቀለለችው።

በማግስቱ አለቃው ጓድ ስዩም መዝገቡን ይዞ መጣ።

«የታሰረ ሰው ጉዳይ አትቀበል ተብለህ የለም?»

«ታስሯል አይልም ጓድ ስዩም። ያለበት ይነገረኝ ነው የሚለው።»

«ሰርዘው።»

«ከሰረዝኩት ለምን እንደሰረዝኩ ከጎኑ መጻፍ አለብኝ።»

ስዩም መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። በሁለት ሳምንቱ ቢሰጥ መልካ ወረር ወዳለ የጥጥ መጋዘን ተዛወረ።

እዚያ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ሙቀቱ ያንገበግባል፤ ከጥጥ ለቃሚዎቹ ከብዙዎቹ ጋር በቋንቋ አይግባባም። ለአንድ ማኅተም ብሎ ራሱን እዚህ መጣሉ የቆጨው ቀን አለ። ሙስሊማንም በልቡ የወቀሰበት ቀን አለ።

በ1974 ዓ.ም. አንድ ቀጭን፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ከጭነት መኪና ወርዶ፣ አዋሽ ቢሮው አጠያይቆ እንደመጣ ነግሮት ስሙን ጠየቀው። ሰላምታ ሲሰጥ ቢሰጥ ግራ እጁን አየ። ከድሩ ነበር።

«ግባ» አለው ቢሰጥ ወደ መጋዘኑ እያመለከተ።

«እዚሁ ይሻለኛል። በር ሲዘጋ አልወድም።»

ግድግዳው ጥላ ሥር የጥጥ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ማኅተሙን ባያዩ ታስሬበት ከነበረው የአዲስ አበባ እስር ቤት በር አያሳልፏትም ነበር» አለ ከድሩ። «እነሱ መዝገብ ላይ ስሜ ከድር ሰይድ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ያለ አያት። ስለዚህ የለም አሏት። እሷ ደግሞ ወረቀቱን ይዛ ጣቱን እዩ እያለች ቆመች።» «ከዚያም ለመፈታት ስንት ጊዜ ወሰደ። ግን ያለሁበት ታወቀ።»

ከድሩ ከጆንያው የወጣ ክር ይመዝ ጀመር። አይተዋወቁም። በመጨረሻ ከድሩ፣ «ማንበብ አልችልም። እሷም አትችልም። ምን ብለው ነበር የጻፉት?» አለ።

ቢሰጥ የጻፈውን በቃሉ ያውቀው ነበር። ከአድራሻው ጀምሮ ቀስ ብሎ አለለት። ከድሩ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«ይድገሙልኝ» አለ።

ደገመለት። «ትንሿ ጣት ብላ ነው የነገረችዎት?» አለ ከድሩ።

«አዎ።»

ከድሩ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ከድሩ «አዋሽ ሲመጡ ቤታችን ቤትዎ ነው፤ ሙስሊማ አደራ ብላለች» ብሎ ተሳፈረ። ቢሰጥ እመጣለሁ አለ።

ያን ዓመት ወደ አዋሽ እንዲመለስ ማመልከቻ ጻፈ። በሚቀጥለውም ዓመት ጻፈ። መልስ አልመጣለትም። ለቀማ ሲያልቅ ሠራተኛው ወደየአገሩ ይበተናል፤ ቢሰጥና አንድ የአፋር ዘበኛ ብቻ ይቀራሉ። ማታ ማታ ከአንድ ሳህን አብረው ይበላሉ፤ ብዙም አይነጋገሩም።