ጥሩ አስታማሚ

"እንደ እሷ ያለች አስታማሚ ከየት ይገኛል? ስምንት ወር ሙሉ እግሩን መሬት ሳታስረግጥ!" አለች የሟቹ እህት፣ የልብስ ሰፊዋን ትከሻ አቅፋ ለቀስተኛውን ዞር ዞር ብላ እያየች።

ልብስ ሰፊዋ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። ባሏ ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነው፤ ሦስቱንም ቀን ይህንኑ ምስጋና ስትሰማ ሰነበተች።

ሰውየው እኮ ፖስተኛ ነበር። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ሲወርድ የኖረ፣ ባልደረቦቹ "እግሬ አውጪኝ" የሚሉት። ካንሰር ሲገኝበት ያከመችው ሐኪም ለሁለቱም በግልጽ ነገረቻቸው።

"በእግር መሄድ ብቻውን ያድናል አልላችሁም። ግን ሰውነቱ በሽታውን ሲታገል ሊያግዘው ይችላል፤ መድኃኒቱንም ለመቋቋም ይረዳዋል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይራመድ።"

ልብስ ሰፊዋ "እሺ" አለች። ቤት ሲገቡ ግን እሺታው ደጅ ቀረ። የታመመ ሰው ይተኛል እንጂ ይዞራል እንዴ? እሱ ልነሳ ባለ ቁጥር ታለቅሳለች። "እስኪ ትንሽ ልንቀሳቀስ" ይላታል። "ልትገድለኝ ነው?" ትለዋለች። እንባዋን አይችልም፤ ተመልሶ ይተኛል። በአራተኛው ወር ልነሳ ማለቱን ተወ። በስድስተኛው እግሮቹ እምቢ አሉ፤ ሐኪሟም አቅሙ ስላለቀ መድኃኒቱን ቀነሰችው።

ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ ጠጋ ብላ ተቀመጠች። የሷም ባል፣ አናጢው፣ ያው በሽታ ባለፈው ሳምንት ተገኝቶበታል፤ ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

"እህቴ፣ በሐዘንሽ መሃል ይቅር በይኝና፣ እንዴት አድርገሽ እንዳስተኛሽው ንገሪኝ። የኔው አልተኛም ብሎ አስቸግሮኛል። ሐኪሙ ደግሞ 'ተራመድ' ብሎት ጭራሽ ባሰበት።"

"ከሷ ተማሪ!" አለች የሟቹ እህት።

ልብስ ሰፊዋ ዝም ብትል ስሟ እንደተከበረ ይኖር ነበር። ዝም ማለት ደግሞ እንዴት አማራት!

"አታስተኚው" አለች። "ሐኪም ተራመድ ያለውን ሰው ነው እኔ አልጋ ላይ ያሰርኩት። ቢራመድ ይድን ነበር አልልም፤ አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግኩት ግን እኔው ነኝ።"

የሟቹ እህት እጇን ከትከሻዋ ላይ አነሳች።

"ወንድሜን?" አለች።

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ወደ በረንዳው ወጣች፣ አናጢውን በክንዱ ይዛ አስነሳችው። እሷ እያለቀሰች፣ እሱ ግራ ገብቶት፣ ግቢውን መዞር ጀመሩ።

"ብቻዬን መሄድ አያቅተኝም እኮ" አላት በሐፍረት።

"አውቃለሁ" አለችው። ክንዱን ግን አልለቀቀችውም።