መስኮት በኩል ያለው ኮርኒስ

ትሬቨር ሰግደንን የሰደበው ሊዮኔል ፋራር ነው። ቀኑ ማርች 15፣ 1983፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ቦታው የቶርንሮይድ ቤት ትልቁ ሳሎን፣ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ። የሰሙት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት አናጢዎች፣ ያኔ የሕሙማን ማገገሚያ የነበረውን ቤት ያስተዳድሩ የነበሩት ሚስ ክሮፍት፣ እና የትሬቨር የልስን ባልደረባ ኔቪል። ኔቪል ስቋል። ትሬቨር ይህን ሁሉ በማስታወሻ አልያዘውም፤ ከብዕር ጋር ብዙም አይዋደድም። እንዲህ ያለ ነገር ግን ሳይጻፍም አይጠፋም።

ያን ክረምት ፎቁ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ በኖራ ቅጠሎች ያጌጠው የድሮው የሳሎኑ ኮርኒስ ውሃ ጠጥቶ ነበር። ሲሶው፣ መስኮት በኩል ያለው፣ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ቁልቁል ተነፋ። የሥራው አርክቴክት ፋራር ያበጠው ፈርሶ እንዲወርድ፣ ከዚያም ኮርኒሱ በሙሉ በጠፍጣፋ የጄሶ ቦርድ እንዲሸፈን አዘዘ። ትሬቨር ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አንድ ሽማግሌ ለሳኝ እጅ ሥር የገባ፣ የድሮውን የኖራ ሥራ በእጁ የተማረ ሰው ነበር። ኮፍያውን አወለቀና የሚፈርሰውን መልሶ መሥራት እንደሚችል፣ ከቆመውም እንደማይለይ ተናገረ።

ፋራር ወደ እሱ እንኳ አልዞረም። የተናገረው ለሚስ ክሮፍት ነበር። "የገዛ ስሙን አስተካክሎ የማይጽፍ ሰው የመቶ ዓመት ጥበብ እደግማለሁ ይለኛል።" ከዚያ ጀርባውን እንደሰጠ፣ "አንተ ኖራህን አቡካ። ማሰቡን ለእኛ ተወው" አለ።

ስድቡ ይኸው ነው። ትንሽ ነው የሚል ካለ በሰው ፊት ተሰድቦ አያውቅም።

አሁን ትሬቨር ሰባ አንድ ዓመት ሆኖታል። በአንድ የኦክቶበር ሰኞ ጠዋት፣ በእጁ የገበያ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ወደ ቶርንሮይድ የሚያወጣውን ዳገት እያረፈ ይወጣል። በከተማው ጋዜጣ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ የሠራ ወይም የኖረ ሰው በአራት ሰዓት መጥቶ የሚያውቀውን እንዲናገር ይጠይቃል። አንድ የሪል እስቴት ኩባንያ ቤቱን አፍርሶ አርባ ስምንት አፓርታማ ሊሠራበት ይፈልጋል። ውሳኔው ሐሙስ ነው። ቤቱን የሚያተርፈው ቅርስ ሆኖ መመዝገብ ብቻ ነው። ለዚህም ሄለን ዊንተርበርን የምትባል ባለሙያ ከቅርስ መሥሪያ ቤት ተልካ፣ ክፍል በክፍል እየለካችና ፎቶ እያነሳች ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች።

ትሬቨር ቤቱን ሊያተርፍ አልመጣም። ከረጢቱ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ቆርቆሮ አለ። ጠርዙ የኮርኒሱን ዳርቻ ጥምዝ ተከትሎ የተቆረጠ ነው። ለሳኝ እንዲህ ያለውን ቆርቆሮ እንጨት ላይ መትቶ እርጥብ ኖራ ላይ ሲጎትተው ጥምዙ ተስቦ ይወጣል። ትሬቨር ይህን የቆረጠው በዚያው ማርች ነው። ገና ሥራ ሳይጀምርበት ደረጃው ላይ ወድቆበት ጠርዙ ትንሽ ተሸርፏል።

ያኔ ቦርዶቹ አምስት ሳምንት ዘግይተው ነበር። ኔቪል ወደ ሌላ ሥራ ተላከ፤ ፋራርም ሌላ ከተማ ሥራ ይዞ ሄደና ይህ ሥራ እስኪያልቅ አልተመለሰም። ትሬቨር ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ያበጠውን አፈረሰው። ከዚያ ሚስ ክሮፍትን አስፈቅዶ፣ በኖራና በፍየል ጸጉር፣ ቅጠል በቅጠል መልሶ ሠራው። በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ቦርዱ መጣና ከሥሩ ተመትቶ ሁሉን ሸፈነው። እንደሚሸፈን ገና ሲጀምር ያውቅ ነበር። ለማሳየት አልነበረም የሠራው፤ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ነገር ከራሱ ጋር ለመጨረስ ነበር። ያዩት ሚስ ክሮፍትና ሚስቱ ብሬንዳ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ዛሬ የሉም።

ባለፈው ዓመት የኩባንያው ኤሌክትሪሺያኖች ሽቦ ሊፈትሹ ቦርዱን ሲነቅሉ፣ ከላዩ ሙሉ ኮርኒስ ብቅ አለ። ከተማው ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቆመ።

ኔቪል በሩ ላይ ቆሞ ወንበር ያስገባል። የቤቱ ወዳጆች ኮሚቴ አባል ሆኗል።

"ትሬቭ፣ አሁንም አልሞትክም?"

"አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ።"

"ምንድነው የያዝከው?"

"ምሳዬ ነው።"

"የሚንኳኳ ምሳ ዛሬ ገና አየሁ።" ኔቪል ወንበሩን አስቀምጦ ጠጋ አለ። "ስማ፣ እኔ ለማንም ትንፍሽ አልልም። ግን ሳታፈርሰው ነው የሸፈንከው፣ አይደል? የማፍረሻውን ሂሳብ በልተህ ጭጭ። እኔማ ሁሌ እላቸዋለሁ፣ ያ ሰውዬ ሞኝ መስሎ ነው የሚዞረው እላቸዋለሁ።"

ትሬቨር ከረጢቱን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ ገባ። ኔቪል ተራው ይደርሳል። መጀመሪያ ፋራር ነው።

ሳሎኑ ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። መካከል ላይ ተሽከርካሪ እግር ያለው የብረት መወጣጫ አለ፤ ላዩ ላይ ሄለን ዊንተርበርን መብራት ይዛ ተንበርክካለች። ፋራር ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከእሳት ማንደጃው አጠገብ ተቀምጧል። ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር እሱ ነው፤ ስለ ኮርኒሱ ሃያ ገጽ ጽፎ አሳትሟል። በጽሑፉ መሠረት ኮርኒሱን በ1871 የሠራው ጆሳያ ፔል የሚባል ዕውቅ የለንደን ለሳኝ ነው። መስኮት በኩል፣ ከቅጠሎቹ መካከል፣ ጅራቷን ቀጥ ያደረገች አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። በኮርኒሱ ላይ ሌላ ወፍ የለም። ፋራር ወፏ የፔል ፊርማ ናት ይላል። ስድስት ገጽ የፈጀው ስለ ወፏ ነው።

ሄለን ከላይ ሆና በቤቱ ውስጥ የሠራ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ትሬቨር እጁን አነሳ። "ሰግደን እባላለሁ። ለሳኝ ነበርኩ። በሰማንያ ሦስት።"

ፋራር አንገቱን አዙሮ አየው። አላወቀውም። ትሬቨር ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር፤ በሐሳቡ ውስጥ ፋራር ሁልጊዜ ያውቀው ነበር።

"ኧረ! ከእነዚያ ሰነፎች አንዱ ነህ በለኛ" አለ ፋራር። "ና እስቲ እጅህን ልጨብጥህ። አፍርሱ ብዬ አዝዤ ሄድኩ፤ እነሱ ደግሞ መዶሻ ማንሳት ደክሟቸው እንዳለ ሸፍነውት አረፉ። ኖራው ደርቆ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስንፍና ቅርስ ሲያድን በዕድሜዬ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።"

ሰዎቹ ሳቁ። ከበሩ አጠገብ ኔቪልም ሳቀ፤ ሳቁ አልተለወጠም። ፋራር የዘረጋውን እጅ ትሬቨር ጨበጠው። ሽማግሌው የተጨበጠውን እጅ ገልብጦ ለሰዎቹ አሳየና፣ እንዲህ እንደ አካፋ ያለ እጅ የፔልን ወፍ ሊነካት እንኳ እንደማይችል ነገራቸው።

ትሬቨር ሌላ እጁን ወደ ከረጢቱ ከተተ። ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ። አርባ ዓመት ያሰናዳው ንግግር አጭር ነበር፤ ቆርቆሮውን ጥምዙ ላይ ገጥሞ፣ እዩት ማለት ብቻ ነው።

"ሚስተር ሰግደን" አለች ሄለን ከላይ፣ "ጉልበትዎ ከፈቀደልዎ ወደዚህ ቢወጡልኝ?"

ወጣ። ከረጢቱን ክንዱ ላይ ሰክቶ፣ ብረቱን ይዞ፣ ቀስ ብሎ። ላይ ሲደርስ ኮርኒሱ ከግንባሩ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ቅጠሎቹ ቢጫ ቀለም ይዘዋል። ከዚህኛው ወገን እስከዚያኛው መጋጠሚያውን በዓይኑ ፈለገ፤ የት እንደሆነ እያወቀ አላገኘውም።

ሄለን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለሽማግሌ እንደሚነገረው በቀስታ፣ ግን ሳታድበሰብስ ነበር የነገረችው። "ውጪውን ይተዉት። እንዲህ ያለ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ቤት በዚህ ሸለቆ ሃያ ይገኛል። ውስጡም ሦስት ጊዜ ተቀያይሯል። የቀረው ይህ ኮርኒስ ነው። ሙሉው የ1871 ከሆነ ቤቱ ይመዘገባል። ሲሶው በእኛ ዘመን የተሠራ ከሆነ ግን እንደዚያው እጽፋለሁ። ያን ከጻፍኩ የኩባንያው ጠበቃ ሐሙስ ዕለት ሌላ ነገር መናገር አያስፈልገውም።"



መብራቱን ወደ ውስጠኛው ወገን አዞረችና በዚያ በኩል ኖራው ውስጥ ያለው የከብት ጸጉር እንደሆነ አሳየችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ መለሰችው። "እዚህ ግን የፍየል ነው። ጥምዙም ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የምትሄድ ቀጭን ጭረት አለች። ቅርጹን ያወጣው ቆርቆሮ ጠርዙ ተሸርፎ ነበር ማለት ነው። በዚያኛው ወገን ይህች ጭረት የለችም። ፔል ቆርቆሮ ቀይሮ ይሆናል፤ ጸጉርም ሊያልቅበት ይችላል። ሌላ ሰው የሠራውም ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮውን ባገኘው በአንድ ደቂቃ ይለይልኝ ነበር።"

ከረጢቱ መወጣጫውን ነካና ድምፅ ሰጠ። ሄለን ወደ ከረጢቱ አየች። ምንም አልጠየቀችም።

"ደግሞ ይህን ይዩልኝ" አለች። መብራቱን ከጎን አስጠግታ ወፏ ላይ ያዘችው። በወፏ ጀርባ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ወጣ፤ መስመሮቹ ሁሉ የሚቆጠሩ ነበሩ። "ትንሽ ጣት ነው። ኖራው ሳይደርቅ የተነካ።"

"የፔል ጣት ነው!" አለ ፋራር ከታች። "ገጽ አሥራ አራት ላይ ጽፌዋለሁ። ጥበበኛ ሰው እጁ ትንሽ ነው።"

ያኔ፣ ቦርዱ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አምስተኛው እሑድ ላይ ነበር። ብሬንዳ ምሳ ይዛለት መጥታ፣ ትወድቂያለሽ እያላት፣ ጫማዋን አውልቃ መሰላሉን ወጣች። ወፏን ያስገባት ለእሷ ብሎ ነው፤ ጓሯቸው ውስጥ፣ ከከሰል ማስቀመጫው ጀርባ ጎጆ የሠራችውን ወፍ በየጠዋቱ የምታበላት እሷ ነበረች። "ይቺ ናት?" ብላ በጣቷ ነካቻት፤ አሻራው ቀረ። ትሬቨር ሊያለሰልሰው እጁን ሲሰድ ያዘችው። "ተዋት። እኔም ሠርቻለሁ እንድል።" ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ልብሶቿን እህቷ ወስዳለች። ፎቶዎቿ አሉ፤ ፎቶ ግን አይዳሰስም።

ትሬቨር እጁን አንስቶ አውራ ጣቱን ወፏ ጀርባ ላይ አኖረ። አሻራውን ሸፍኖ ከሁለቱም ወገን ተረፈ። ሄለን ጣቱን አየች፤ ቀጥሎ ፊቱን።

"ሚስተር ሰግደን" አለች፣ በጣም ዝቅ ብላ፤ "ይህን ዛሬ ማታ ጽፌ እልከዋለሁ። የሚነግሩኝን እጽፋለሁ። የማይነግሩኝን መጻፍ አልችልም፤ ሌላ ማስረጃ ከሌለ የፔል ሆኖ ይቀራል። መስኮት በኩል ያለውን ማን ሠራው?"

ከታች ሰዎቹ አንጋጠው ይጠብቃሉ። ፋራር ከዘራውን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ መታ። "እሱን ምን ያደክሙታል፣ ሚስ ዊንተርበርን? እኔ ልንገርዎት። ያኔ የእሱ ሥራ ማቡካት ነበር። በል እንጂ፣ ንገራት። በሰማንያ ሦስት እዚህ ቤት ውስጥ ምን ሠራህ?"

አርባ ዓመት የጠበቀው ጥያቄ፣ በዚያው ሳሎን፣ ከዚያው አፍ፣ በሰው ፊት ተጠየቀ። መልሱ ክንዱ ላይ ተሰክቶ ነበር።

ትሬቨር ጣቱን ከወፏ ላይ አነሳ። መወጣጫውን ይዞ አንድ በአንድ ወረደ። ወለሉን ሲረግጥ ኮፍያውን አጠለቀ፤ ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት።

"አንተ!" አለ ፋራር ከኋላው። ስሙን አልያዘውም። "ሰው ሲጠይቅህ አትመልስም?"

ኔቪል በሩን ይዞለት፣ ምን ነክቶህ ነው ብሎ ጠየቀው። ትሬቨር ከረጢቱን እንዳይንኳኳ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ አለፈውና ዳገቱን ወረደ።