የአቶ አበራ ወይን እና ሽምግልናችን

የወንድሜ ልጅ ፋኑኤል «ሶሬቲን ካላገባሁ እሞታለሁ» ሲለኝ አላመንኩትም። የዘንድሮ ልጅ ስልኩ ሲጠፋበትም «ሞትኩ» ነው የሚለው። ቢሆንም ሽምግልና እምቢ አይባልምና ሁለት ጎረቤቶቼን አስከትዬ እንጦጦ ሥር ካራ ሰፈር፣ አባቷ አቶ አበራ ቤት ሄድኩ። ፋኑኤል ደጅ፣ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ወጉ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። እንደ ወጉ ቆመን ልጅቷን ጠየቅን።

አቶ አበራ ግን ብርጭቆ ይዘው ነው የጠበቁን። ጓሯቸው ያለው ወይን የፈረንጅ ወይንና የአሜሪካ የዱር ወይን ሐረግ ተዳቅለው የተገኘ ነው አሉን።

«ያልተዳቀለውን ሁለቴ ተክዬ የእንጦጦ ውርጭ ፈጀብኝ። ይሄ ግን ውርጩን ራሱን ያባርራል! ከፍሬው እኔው የጠመቅኩት ነው፤ ቅመሱ።»

«መጀመሪያ መልሱን» አልኩ።

«መጀመሪያ ወይኑን።»

«ወጋችን አይፈቅድም፣ አቶ አበራ።»

«ወይኔን የናቀ ልጄን አያገኝም!»

ተፋጠጥን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተሥላሴ «ኧረ በእመቤቴ!» እያሉ ይለምናሉ። በጓዳው መጋረጃ ሥር የሶሬቲ እግር ይታየኛል፤ ወዲያ ወዲህ ይላል። አሳዘነችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጉልበቴም አሳዘነኝ። ብርጭቆውን ተቀብዬ ጨለጥኩት።

ቀለሙ ጥቁር ቀይ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ግን ሎሚን ያስመሰግናል። ዐይኔ ዕንባ አቀረረ።

«እንዴት ነው?» አሉ አቶ አበራ ፊቴን ትኩር ብለው እያዩ።

«እንዲህ ያለ ወይን በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም» አልኳቸው። ውሸት አይደለም።

አቀፉኝ። «ዕንባዎን አየሁት! ልጄን ሰጥቻለሁ! የሰርጉም መጠጥ በእኔ፤ ከዚህ ወይን ሌላ አንዲት ጠርሙስ ድንኳን አትገባም!»

ደጅ ስንወጣ ፋኑኤል ከመኪናው ዘሎ ወረደ። «ተሰጠን» አልኩት። ጉልበቴን ስሞ ቀና ሲል ጥርሴን አየ። ለካ ቀይ ሥር የበላሁ መስያለሁ።

«ጋሼ፣ ቀመሱት እንዴ?»

«ቀመስኩት።»

«እና... አወደሱት?»

«ሰርጉ ላይ ሌላ መጠጥ የለም» አልኩት።

ፋኑኤል መኪናውን ተደገፈ። ሶሬቲ አምና ደብቃ አቅምሳው ኖሯል። ወደ እንጦጦ ቀና ብሎ አየና «በቃ፣ እጠጣዋለሁ» አለ።

ከልቡ እንደሚወዳት ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።