የጋሽ ቱንቢ መስታወቶች

"ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ!"

"እህት፣ ግራው ግድግዳ ነው፤" አለ ሹፌሩ ከቁም ሳጥኑ ማዶ። ድምፁ እንጂ ፊቱ አይታይም።

ቁም ሳጥኑ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ በሩ መሃል ተቀርቅሯል። ችኩሌ ከውስጥ ትገፋለች፣ ሹፌሩ ከውጭ ይጎትታል፣ እናቷ ደግሞ ዕቃው እንዳይጫር እጃቸውን በመቃኑ መሃል እየከተቱ ሁለቱንም ሥራ ያስፈታሉ።

"እማዬ፣ ጣትሽን! አሁን ደግሞ የተቀጠቀጠ ጣት ይዤ ሐኪም ቤት ልሩጥ?"

"አንቺ ደግሞ ቀስ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም። ያለ ቁም ሳጥኔ ንቅንቅ እንደማልል ነግሬሻለሁ።"

ችኩሌ የሚለው ስም የወጣላት በሰባት ወሯ ስለተወለደች ነው። ቤተሰቡ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ፋርማሲ ውስጥ ከተቀጠረችም በኋላ ስሙን ለጠባይዋ ማስረጃ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ዛሬ ፈቃድ ያገኘችው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ዝናቡ ከጀመረ ስድስተኛ ሳምንቱን ይዟል። "ከኮረብታው ሥር ያላችሁ ቤታችሁን ልቀቁ" የሚለው የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ከመጣ ደግሞ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከተደረደሩት ቤቶች ግን አንድም ሰው አልወጣም። ሁሉም ወረቀቱን አንብቦ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከቶ፣ ዓይኑን አባቷ ቤት ላይ ተክሏል።

አባቷ ግንበኛ ናቸው። የሠፈሩን ግንብ ግማሹን የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ቱንቢ፣ ያ ግንበኞች በክር አንጠልጥለው የግድግዳን ቀጥታ የሚለኩበት ብረት፣ እርሳቸው በሠሩት ግንብ ላይ ሲወርድ የፀጉር ያህል አያፈነግጥም ይባላል። ጋሽ ቱንቢ መባላቸውም ለዚህ ነው። እርሳቸው ካልሄዱ ማን ይሄዳል?

ጋሽ ቱንቢ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሬዲዮ ጣቢያ ይፈልጋሉ።

"አባዬ፣ ተነስተህ ብታግዘንስ?"

"የምትሄዱት እናንተ። እኔ ቤቴ ነኝ።"

"ቤትህ ላይ እኮ ኮረብታ ሊወርድ ነው!"

"ኮረብታ ዝም ብሎ አይወርድም። አፈር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ሲከብድ ወደ ታች ይገፋል። እግሩ ሥር የሚይዘው ካገኘ ይቆማል። የኔ ግንብ ይዞታል፣ አለቀ።"

ይህን ትምህርት ሦስት እሁድ በተከታታይ ሰምታዋለች። በቃሏ ልታስተምረው ትችላለች።

ሹፌሩ ላቡን በክንዱ ጠረገ። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ዕቃ በየት ነው የገባው?"

"በዚሁ በር።"

"ታዲያ በገባበት በር እንዴት አልወጣም ይላል?"

"በእርጥበት አብጦ ነው፤" አሉ ጋሽ ቱንቢ፣ ለሬዲዮው የሚነግሩት ይመስል።

በዚህ መሃል ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ብቅ አለች። ከሁለት ልጆቿ ጋር ጋሽ ቱንቢ ከቤቱ ጀርባ፣ ኮረብታው ሥር የሠሯቸውን ሁለት ክፍሎች ተከራይታ ትኖራለች። በላስቲክ ተሸፋፍናለች። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

"ጋሼ፣ መሄድዎ ነው እንዴ?"

"እነሱ ናቸው።"

"እፎይ! እኔማ ልጆቹን 'ጋሼ ካልደነገጡ እኛ ምን ቤት ነን' ብያቸዋለሁ።" ሣቀችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጋሽ ቱንቢ ሬዲዮውን አጠፉት።

"መሳቢያዎቹን እናውጣቸውና ይቅለል፤" አለች ችኩሌ። አንደኛው አንሶላ ነው፤ ሁለተኛው ፎቶና ደረሰኝ። የታችኛውን ስትይዘው አባቷ "እሱን ተዪው" አሉ። በዚህ ሰዓት "ተዪው" የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም። መሳቢያውን ስባ ስታወጣው ውስጡ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ተንኳኳ። ከፈተችው።

ውስጡ የተሰባበረ መስታወት ነው። ጣት የሚያክሉ ቀጫጭን ቁራጮች፣ ሁለት ሁለቱ በክር ታስረው፣ ጫፋቸው ላይ ጄሶ ደርቆባቸዋል።

ምን እንደሆኑ አባቷ ናቸው በልጅነቷ ያስተማሯት። የተሰነጠቀ ግንብ ላይ ስንጥቁን አቋርጠህ መስታወት በጄሶ ትለጥፋለህ። መስታወት አይለጠጥም። ከተሰበረ ግንቡ እየሄደ ነው ማለት ነው። ከጓሮ ኮረብታውን ደግፎ በያዘው ግንብ ላይ አንድ መስታወት ነበር። ባለፈው እሁድ መጥታ አይታው ደህና ስለነበር፣ በአውቶቡስ ስትመለስ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የዘንድሮ መስታወት የማይረባ ነው።"

"አራቱም?"

አባቷ መልካም ግንበኛ ስለሆኑ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሳይሰበር ስንት ቀን እንደቆየ በእርሳስ ጽፈውበታል። ራሳቸውን ሲያታልሉ እንኳ ሥራቸውን አላበላሹም። ችኩሌ ጮክ ብላ አነበበችው።

"ሃያ አንድ ቀን። አሥራ ሁለት ቀን። አምስት። ሁለት።" ጣሳውን አስቀመጠች። "ትኩሳቱ በጨመረ ቁጥር ቴርሞሜትር የሚቀይር በሽተኛ ወደኔ ቢመጣ ምን እንደምለው ታውቃለህ?"

"አንተ ሰውዬ፣" አሉ እናቷ፣ "እኔን አጠገብህ አስተኝተህ ነው እንዴ መስታወት ስትቀያይር የከረምከው?"

ጋሽ ቱንቢ ተነሡ። ከካፖርታቸው ኪስ ሌላ ሁለት ቁራጭ አውጥተው ጣሳው ውስጥ ጣሉ። ያልተጻፈበት ነበር።

"ይሄኛው አላደረም።"

ከዚያ ቱንቢውን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ምስማር አወረዱና ክሩን ከበሩ መቃን አናት ላይ ያዙት። ብረቱ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ቆመ። ሹፌሩ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አየ። ከላይ መቃኑን የነካው ክር ከታች በጣም ርቆ ነበር። ጣታቸውን በክፍተቱ አስገብተው ለኩት።

"ሁለት ጣት፤" አሉ። "ቁም ሳጥኑ አላበጠም።"

"እና?"

"እናማ፣ የኮረብታውን እግር የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እነዚያን ሁለት ክፍሎች ለማስገባት። ግንቤ ይይዘዋል ብዬ። አሁን ይሄን ለዚያች ሴትዮ ምን ብዬ ነው የምነግራት?"

"አፍህን ከፍተህ፤" አለች ችኩሌ።

ለስለስ አድርጋ ልትለው ትችል ነበር። ግን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ጋሽ ቱንቢ ጣሳውን ብብታቸው ሥር ከተው ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ላይ ቁም ሳጥኑ ተገትሯል። በግራ ሞከሩ፣ በቀኝ ሞከሩ።

"መልሱት፤" አሉ እናቷ።

"እማዬ፣ ያለሱ ንቅንቅ—"

"መልሱት አልኩ! ሰውዬው ይለፍበት።" እርሳቸውም ራሳቸው ትከሻቸውን አስደግፈው ገፉት። ለማውጣት አንድ ሰዓት ያለፋቸው ዕቃ ለመግባት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ማዕዘኑ ተጫረ፤ እናቷ ዞር ብለውም አላዩት።

ከጓሮ የጋሽ ቱንቢ ድምፅ በዝናቡ መሃል ተሰማ።

"ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። ግንቡ እየሄደ ነው።"

"እንዴ ጋሼ! ደህና ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"ዋሽቼሻለሁ። ይኸው፣ እዪው።" የጣሳው መስታወት ተንሿሿ። ልብስ ሰፊዋ ለጆሮ የማይመች ስድብ ሰደበቻቸው፤ ጋሽ ቱንቢም "ልክ ነሽ፣ እየተሳደብሽ ልበሺ" አሏት።

ችኩሌና ሹፌሩ የስፌት መኪናዋን ተሸክመው በፒክአፑ ላይ ለቁም ሳጥኑ የተዘጋጀው ቦታ ላይ አኖሩት። ልጆቹ ከችኩሌ እናት ጋር ጋቢና ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ ከኋላ የስፌት መኪናዋን አቅፋ ተቀመጠች። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ።

"እህት፣ እስከ ስድስት ነው የተባባልነው። 'ቶሎ በል' እያልሽ ነፍሴን ስታወጪ የዋልሽው አንቺ ነሽ። አባትሽን ጥሪያቸውና እንሂድ።"

ችኩሌ ወደ መንገዱ አየች። ጋሽ ቱንቢ ኮፍያ እንኳ ሳያደርጉ፣ ጣሳውን እንደያዙ፣ የጎረቤቱን በር ይደበድባሉ። በሩ ተከፈተ። ጣሳውን ከፍተው አሳዩ፤ ወደ ኮረብታው ጠቆሙ፤ ከዚያ ወደ ራሳቸው ደረት። ወደሚቀጥለው በር አለፉ።

ስልኳን አወጣች። ለአለቃዋ "ዛሬ አልገባም" ብላ ጻፈችና ወደ ሹፌሩ መስኮት ተጠጋች።

"ሞተሩን አጥፋውና ና አግዘኝ፤" አለችው። "ገና አራት ቤት ይቀረዋል።"