ትከሻ የማይችለው ጭነት

የእርዳታው ወኪል መንግስቱ ከሥራ የሚያውቀው መጮህን ብቻ ነው። ደብሪቱ ይህን ካወቀች ቆይታለች። ኸሪፉ፣ ያ የሱዳን ክረምት፣ ጥቁሩን አፈር አጨቅይቶ ወደ መፋዛ የሚወስደውን መንገድ ከዘጋ ወዲህ የስደተኞች ሰፈሩ ማሽላ የሚመጣው ከሄሊኮፕተር ሥር በመረብ ተንጠልጥሎ ነው። ከመሬት ሆና ለአብራሪው በእጇ ምልክት የምትሰጠው እሷ ናት፤ መንጠቆውን የሚፈታው ባሏ ስንሻው። ሲያሠለጥኗቸው ሦስት ቀን ሙሉ የነገሯቸው አንድ ነገር ነበር፤ ጭነቱ መሬት ሳይነካ ማንም ሥሩ አይገባም። ለዶሮ ቢነግሯት ይገባት ነበር።

ለመንግስቱ ግን አልገባውም። ያን ዕለት ጎብኚዎች ስለመጡ ደረቱን ነፍቶ፣ "ትናንት ሁለት ጆንያ ጭቃ ነክቶብናል። ዛሬ በትከሻ እየደገፋችሁ ታሳርፉታላችሁ። ወንድ አይደላችሁም እንዴ?" አለ።

ስንሻው ይህችን ቃል ከሰማ አለቀለት። አሥር ዓመት ሀዋታ ገበያ ላይ ሰሊጥ ከመኪና ሲያወርድ የኖረ ነው፤ ከላይ ጭነት ሲመጣ ካየ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ይሰጣል። ሚስቱ "ተው፣ እረፍ" ብትለው ሳቀ። የሳቀው ወኪሉ እንዲያይለት ነበር፤ እሷን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ሄሊኮፕተሩ መጣ። መረቡ በነፋስ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ሲወርድ ስንሻው ሮጦ ሥሩ ገባና ጀርባውን አመቻቸ። ያ ከንቱ መንግስቱ ከሩቅ ቆሞ ያጨበጭባል። ደብሪቱ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ እያወናጨፈች "ሂድ፣ ራቅ" የሚለውን ምልክት ሰጠች። አብራሪው ወዲያው ከፍ ብሎ ወደ ባዶው ማሳ ዞረ፤ መረቡ መወዛወዙን አልተው ስላለው እዚያው ከአየር ላይ ለቀቀው። ምድሩ ተንቀጠቀጠ።

"አንቺ ሴትዮ፣ የሕዝቡን ቀለብ ጭቃ ከተትሽው" አለ መንግስቱ እየሮጠ መጥቶ። "ከአሁን ጀምሮ ሥራ የለሽም።"

ስንሻውም ብሶበት፣ "በሰው ፊት አዋረድሽኝ። እችለው ነበር እኮ" አላት።

ደብሪቱ ክንዱን ይዛ እስከ ማሳው ጎተተችው። ጭነቱ እስከ ወገቡ መሬት ገብቷል፤ ከጆንያዎቹ ግማሹ ፈንድቷል።

"በል እንግዲህ" አለችው። "ትችል የነበረውን ነቅለህ አሳየኝ።"

ስንሻው ጭነቱ መሬት የገባበትን ልክ አየ። ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

"ያላ፣ ተነሥ፤ ሁለተኛው ሄሊኮፕተር እየመጣ ነው" አለው መንግስቱ። "ማን ሊቀበለው ነው?"

"አንተ ተቀበለው" አለ ስንሻው ቀና ሳይል።

መንግስቱ ወደ ሌሎቹ ሠራተኞች ዞረ፤ እነሱም ጀርባቸውን ሰጡት። የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ሲቀርብ፣ ከሁሉም ቀድሞ የሸሸው እሱ ነበር።