አራት ኢንች

ሙሐመድዘይን ገብቶ እንደተቀመጠ ከጎኑ የነበሩት ሁለት ሰዎች ስልክ እንደተደወለላቸው ሆነው ተነሱ። የማንም ስልክ አልጮኸም። ወደ ለቅሶው ድንኳን ሌላ ጥግ ሄደው ቆሙ፤ ወንበሮቻቸው ከግራና ከቀኙ ባዶ ቀሩ። እሱ አላያቸውም፤ ወይም ያላየ መሰለ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል።

ሰርካለም ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና ሁሉንም አየች። ባሏ መርዕድ ከተቀበረ ጀምሮ ሰውየው በየቀኑ ይመጣል። ካምፓላ ኪሰንዪ ሰፈር ያለውን ጋራዡን ለሠራተኞቹ ትቶ ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ ወዳለው ቤቷ ይወጣል፤ ተቀምጦ ይውላል፤ ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። በዙሪያው ያለው ባዶ ቦታ ግን በየቀኑ እየሰፋ ነው።

«ድፍረቱ ግን» አለች ከኋላዋ አንዲት ሴት በሹክሹክታ።

«ምን ያድርግ? ቢቀርማ አመነ ይባላል።»

«በገዛ እጁ መኪናውን ከፍ አድርጎ ሰውየውን ገደለው። ለነገሩ ከነሱ ምን ይጠበቃል፤ ዘመኑን አታይም?»

«ዝም በይ፣ ትሰማለች።»

ሰርካለም ሰምታለች። «ከነሱ» የተባለው ምን ማለት እንደሆነም ገብቷታል። ሙሐመድዘይን ኤርትራዊ ነው፤ የከረን ልጅ። መርዕድ ካምፓላ ሲገባ መጀመሪያ ያገኘው ወዳጅ እሱ ነበር። በአገር ቤት ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው ሰላምታ ሲነፋፈግ፣ ሁለቱ ስለ ፖለቲካ ላያነሱ ተስማምተው ስለ መኪና ብቻ እያወሩ ወዳጅነታቸውን አቆዩት። አሁን አንደኛው የለም፤ ሌላው ደግሞ በወዳጁ ለቅሶ ላይ እንደ ባዕድ ተቀምጧል።

ማቲዎስ ከጓዳው በር ላይ ሆኖ በእጁ ጠራት። የመርዕድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለቀብሩ ከአዲስ አበባ መጥቶ እስካሁን አልተመለሰም። ትከሻው፣ ሲቆም አንገቱን ዘንበል ማድረጉ፣ ሁሉ ነገሩ መርዕድን ስለሚመስል ሰርካለም ስታናግረው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው የምታየው።

«ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ» አላት። «ጠበቃም አግኝቻለሁ። መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ልክ በላይ ከፍ ተደርጓል ብለን ካመለከትን ጋራዡን ያሽጉታል።»

«ማቲ፣ እስቲ ለቅሶው ይለፍ።»

«እስኪያልፍ እሱ ዝም ብሎ ይጠብቀናል? አይተሽዋል አይደል፣ አንድ ቃል አይናገርም። ንጹሕ ሰው ራሱን ይከላከላል።»

«አንተ የማታውቀው ነገር አለ።»

«ምንድን ነው የማላውቀው?»

ልትነግረው ስትል ዓይኗ ከኋላው አረፈ። ከማቲዎስ ጀርባ ልጇ ምስጢር ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ካረፈ ወዲህ ማታም ቀንም የምትለብሰው የትምህርት ቤት ልብሷን ነው፤ ሊያስወልቋት ቢሉ እምቢ ብላለች። ዓይኗን ከእናቷ ፊት ላይ አላነሳችም።

«ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ» አለችው ሰርካለም።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ዝናብ ነው። በኮሮና ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ የኖረው ትምህርት ቤት ጥር ላይ ሲከፈት፣ መርዕድ ጠዋት ጠዋት ምስጢርን በአሮጌው ፕራዶ አድርሶ ከዚያ ናካሴሮ ወዳለው የአየር ጭነት ቢሮው ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ሲመልሳት ሰማዩ ተቀደደ። ከከተማው የሰዓት ማማ በታች ያለው መንገድ ወንዝ ሆነ፤ የመኪናው ሞተር መሀል ላይ ጠፋ። ውሃው በበሩ ስር ገብቶ የልጅቷን ጫማ ዋጠ፣ ከዚያ ወንበሩን ነካ። መርዕድ በመስኮት ወጥቶ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀመጠና ቡናማው ጎርፍ ደረቱን እየመታው ተሻገረ። ቤት ሲገቡ ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ነበሩ። እሱ እየሳቀ ነበር። ምስጢር ግን አልሳቀችም፤ በማግስቱ መኪናው ውስጥ አልገባም ብላ በሩን ይዛ አለቀሰች፤ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። መርዕድም ከዚያ ቀን ጀምሮ መሳቁን ተወ።

ኪሰንዪ የሄዱ ቀን ሰርካለም አብራ ነበረች። ሙሐመድዘይን ከመኪናው ስር ገብቶ በባትሪ እያበራ አየና ልብሱን እያራገፈ ተነሳ።

«ሞላው ደክሟል፤ ሾክ አብዞርበሩም አልቋል» አለ። «ሁሉንም በአዲስ ልቀይርልህ፤ ከነበረበት ሁለት ኢንች ከፍ ይላል። ለሰፈራችሁ ኮረኮንችም፣ እሁድ እሁድ ለምትሄድበት የገጠር መንገድም ይበቃል።»

«አራት አድርግልኝ» አለ መርዕድ።

«አራት ምን ያደርግልሃል? ይሄ መኪና በሳምንት ስድስት ቀን አስፋልት ላይ ነው የሚውለው። ልጅ ነው የሚያመላልሰው። አራት ካደረግከው ክብደቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ድንገት መሪ ብታዞር እንደ ድሮው አይታዘዝህም።»

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

«አንተ?»

ሰርካለም ሳቀች። «እኔስ በምን ልወጣ ነው? በመሰላል?»

«አቅፌ አወጣሻለሁ» አላት መርዕድ። ከዚያ ፊቱን ወደ ጓደኛው መለሰ። «ልጄን ውሃ ውስጥ አላየሃትም። እኔ ነኝ ያየኋት። ሁለት ኢንች ብሎ ነገር አልፈልግም።»

ሙሐመድዘይን እምቢ አለ። መርዕድ በሌላ ቀን ተመልሶ ሲመጣም እምቢ አለው። በመጨረሻ መርዕድ ደውሎ፣ ሌላ ጋራዥ ሞላው ላይ የብረት ቀለበት ደርቦ በግማሽ ቀን ሊጨርስለት እንደተስማማ ሲነግረው፣ ሙሐመድዘይን ተሸነፈ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሰርካለም መልሱን ሰምታለች። «አምጣው» አለ። «ካልቀረልህ እኔ ልሥራው። ሌላው ቢቀር የፍሬኑን ቱቦ አስረዝመዋለሁ፤ እነሱ እሱንም ይረሱታል።»

መኪናው ተሠርቶ ሲመጣ መርዕድ ምስጢርን አንስቶ አስቀመጣት። እሷም በመስኮቱ ወደ ታች አየችና «ሰው ሁሉ አጠረ» አለች። በማግስቱ ሳታለቅስ ትምህርት ቤት ሄደች።

በግንቦት መርዕድ ብቻውን ከማሳካ ከተማ ሲመለስ አንድ ቦዳ፣ ሰው የሚያመላልስ ሞተር ብስክሌት፣ ከጥርጊያ መንገድ ድንገት ወደ አስፋልቱ ገባበት። ከሹፌሩ ኋላ ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች። መርዕድ መሪውን አዞረ። ቦዳው ላይ የነበሩት አንዳቸውም አልተጫሩም። መኪናው ተገለበጠ።

ማቲዎስ ስለ ፖሊስ ባነሳበት ቀን ከሰዓት፣ ሰርካለም ልጇን እህል ልታቀምሳት መኝታ ቤት ይዛት ገባች። ጎረቤቶቻቸው ያመጡት ማቶኬ፣ የተቀቀለው ጥሬ ሙዝ፣ ሳህኑ ላይ ደርቋል።

«ትንሽ ቅመሺ፤ አንድ ጉርሻ።»

«እማዬ፣ ጋሼ ሙሐመድዘይንን ፖሊስ ሊወስደው ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ማቲ ሲልሽ ሰምቻለሁ።» ልጅቷ የልብሷን ቁልፍ ትፈታለች፣ ትቆልፋለች። «እሱን ከሚወስዱት እኔ ልንገራቸው?»

«ምኑን ነው የምትነግሪያቸው?»

«አባዬን መኪናውን ከፍ አድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። ውሃው እንዳይነካኝ ብዬ። እስከ ሰማይ አድርገው አልኩት፤ እሺ አለኝ።»

ሰርካለም ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። አፏን ዘግታ የሰነበተችው ይህን ፈርታ ነበር። እውነቱን ካወጣችው፣ ሰዎች ለምን ከፍ አደረገው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልሱም ልጇ ላይ ይወድቃል ብላ ነበር። ልጅቷ ግን ማንም ሳይነግራት ብቻዋን ደርሳበታለች፤ ደርሳበትም ከእህሉ ጋር አልዋጥ ብሏታል።

«አንቺ አይደለሽም» አለቻት።

«ነኝ።»

«አይደለሽም፣ የኔ እናት።»

«አንቺ እንዲህ የምትይው እንዳላለቅስ ነው።»

ሰርካለም እጇን ያዘቻትና ወደ ድንኳኑ ወጡ። ሰው ሁሉ እያያቸው በሙሐመድዘይን ግራ ካለው ባዶ ወንበር ላይ ልጇን አስቀመጠች፤ በቀኙ ባለው ራሷ ተቀመጠች።

«ምስጢር የምትነግርህ ነገር አለ» አለችው።

ምስጢር ነገረችው። ሙሐመድዘይን እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ጉልበቱ ላይ ያለውን ኮፍያ ሲያዞር ቆየና «ጓለይ» አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው። «አባትሽ ይሄን መኪና ከሞምባሳ ወደብ ያመጣ ቀን ቤቱ ሳይገባ እኔ ጋ ነው የመጣው። ምን አለኝ መሰለሽ? ከፍ አድርግልኝ። ሚስትህ እርጉዝ ናት፣ ምን ብላ ትወጣለች አልኩት። በሆዷ ያለሽው አንቺ ነበርሽ። እሺ ብሎ ተወው። በዓመቱ ደግሞ መጣ፤ ከፍ አድርግልኝ። በየዓመቱ ነው የሚመጣው። ከፍ ያለ መኪና ካየ የጀመረውን ወሬ የሚረሳ ሰው ነበር።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው ሲመጣ ምክንያት አገኘ። ባይዘንብም፣ አንቺ ባታለቅሺም፣ አንድ ቀን ያደርገው ነበር። የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በእነዚህ።» ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አሳያት፤ ከጥፍሮቹ ስር ያለው ጥቁር ዘይት አልለቀቀም። «እስከ መጨረሻው እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ስለዚህ የሚጠየቅ ካለ እኔና አባትሽ ነን። ልጅ አይጠየቅም።»

ሰርካለም ይህን ሰምታ አታውቅም። ፊቱን አየችው። እውነት ይሁን፣ ለልጅቷ ሲል እዚያው ተቀምጦ የፈጠረው ይሁን፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም። አንድ ቀን ኤርፖርት እንግዳ ሊቀበሉ ሄደው መርዕድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ የማያውቀውን ሰው ከፍ ያለ መኪና ሲዞር ማየቷ ትዝ አላት። በየዓመቱ ግን? ለእሷ አንድ ቀን እንኳ ሳያነሳ?

«ሲያይ ምን ይሆናል?» አለች ምስጢር።

«እንዲህ» አለና አፉን ከፈት አድርጎ አንገቱን ዘንበል አደረገ። መርዕድን ቁርጥ አድርጎ አመጣው። የልጅቷ ከንፈር ሊስቅ ዳድቶት ተመለሰ፤ ከዚያ እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለች ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ አባቷ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሰርካለም ልጇን አቅፋ ካረጋጋች በኋላ «እናገራለሁ» አለችው በለሆሳስ።

«ተዪው፣ ሓፍተይ፤ ተዪው እህቴ። ሟች በለቅሶው መሀል ይወቀሳል? ሰው ይረሳል።»

«ማቲዎስ አይረሳም።»

ቆመች። ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

«ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ስላጽናናችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «ስለ መኪናው የሚባለውን ሰምቻለሁ። ይሄ ሰው ሁለት ኢንች ይበቃል ብሎት ነበር፤ እኔ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። እምቢ አለው። መርዕድ ደግሞ ሌላ ቦታ አሠራዋለሁ ብሎ አስገደደው። አራት ይሁን ያለው ባሌ ነው። የሞተው ሴትዮዋንና ሕፃኑን ላለመግጨት ሲል ነው። መኪናው ዝቅ ያለ ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ አላውቅም።»

ማቲዎስ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሟል።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ጥፋተኛ አደረግሽው» አላት።

«ጥፋተኛ አላልኩም። እልኸኛ ነበር ነው ያልኩት። ያንን ደግሞ ከኔ በፊት አንተ ታውቃለህ።»

ማቲዎስ ፊቱን አዙሮ በግቢው በር ወጣ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ የሺሀረግ «ሰማንሽ ልጄ፤ በይ ተቀመጪ» አሏት። ሙሐመድዘይን እጁን ፊቱ ላይ ጭኖ አቀርቅሮ ነበር። ከሸሹት ሰዎች የተመለሰ የለም።

በማግስቱ ማለዳ ሰርካለም ስትነሳ ማቲዎስ በረንዳው ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል። ብርድ ስለነበር ቁም ሳጥን ውስጥ ያገኘውን የመርዕድን ግራጫ ሹራብ በሸሚዙ ላይ ደርቧል። ከበሩ ጀርባ ቆመች። የሚያናግረው እናቱን ነው።

«ፖሊስ ጋ አልሄድኩም እማዬ... አይ፣ አልሄድም። ማንም አላደረገውም... ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች፣ እሷን ሊያድን ነው። አዎ... አዎ፣ ድሮም አንቺ ነሽ እልኸኛ ያደረግሽው።» ሊስቅ ሞክሮ ድምፁ ተሰበረ። ስልኩን ዘጋና ወደ ከተማው ማየት ጀመረ። ከኋላው መቆሟን አውቋል፤ ግን አልዞረም።

«ሰውየውን ማየት ግን አልችልም፣ ሰርኬ።»

«አትየው» አለችው።

የሸሚዙ ኮሌታ በአንድ በኩል ሹራቡ ውስጥ ተጣጥፎ ገብቷል። ጠጋ አለችና ጎትታ አወጣችው፤ አጠፈችው፤ ሰው ከቤት ሲወጣ እንደሚደረገው በመዳፏ ጠፍጠፍ አደረገችው። እጇ የመርዕድ ሳይሆን የማቲዎስ ትከሻ ላይ እንዳለ ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው። አላነሳችውም። ማቲዎስም ሳይንቀሳቀስ ቆመላት።