ማብሪያው ጋ የቆመው ሚዜ

ደግሞ ውሃ ጠጣ ትለዋለች ጸሐፊዋ፣ ይጠጣል፣ አፉ ግን እንደ ደረቀ ነው፣ ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቋል፣ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርገዋል፣ ተመልሶ ይረጥባል፣ ልቡ ድው ድው፣ ለሷም ይሰማት ይሆን? ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ሊፍት ደወሉን ባሰማ ቁጥር ትከሻው ወደ ጆሮው ይሸሻል። ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ዛሬ በደረጃ ነው የወጣው። ይሳቃል እንጂ ምን ይባላል።

ሐኪሟ ጤነኛ ነህ ብላዋለች፣ ሰውነትህ አደጋው ያላለፈ መስሎት ነው፣ እንድትሮጥ ደሙን ወደ እግርህ ይልካል፣ ሆድህ ሥራ ያቆማል፣ አፍህ ይደርቃል፣ ሲደነግጥ የሚሮጥ ሰው አለ፣ የሚደባደብ አለ፣ ባለበት ደርቆ የሚቀርም አለ፣ አንተ የምትደርቀው ነህ፣ ጥፋት አይደለም። ጥፋት አይደለም! እዚያ ውስጥ ላለው ሰው ንገሪልኝ እንጂ እቴ። እዚያ፣ ከበሩ ወዲያ፣ ሚዜው ተቀምጧል፣ የሠርጉ ቀን ክራባቱን ያሰረለት፣ የበኩር ልጁን ከሆስፒታል አቅፎ ያመጣለት፣ የሥራም ጓደኛው። የአደጋውን ጉዳይ ከሚያየው ኃላፊ ጋር ይስቃል፣ ሳቁ በበሩ ሥር ይሾልካል። ይሳቅ፣ ምን ጎደለበት።

ደንቡን የማያውቅ ሊፍት ጠጋኝ የለም፣ ከሊፍቱ ሥር ያለው ጉድጓድ የሚገባ ሰው ኤሌክትሪኩን ያጠፋል፣ ማብሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል፣ መክፈቻውን ኪሱ ከትቶ ይገባል፣ እሱ ካልወጣ ማንም አያበራም። እነሱ ግን፣ እነሱማ ወንድማማች ናቸው፣ ጓጉንቸሩ ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ዝጎ ቀርቷል፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ማብሪያው ጋ ይቆማል፣ በቃ። ሌሎቹ ሲያሾፉባቸው ሚዜው ደረቱን እየመታ፣ እኔ እያለሁለት ብረት ምን ያደርግለታል ይላል፣ እሱም ይኮራል፣ ጅል፣ ተላላ፣ የሰው ልጅ ላይ ነፍሱን አንጠልጥሎ የሚኮራ።

ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ በጀርባው ተኝቷል፣ ብሎን ያጠብቃል፣ ከላይ የሕንፃው ዘበኛ ይጨቀጭቃል፣ እንግዶች ቆመዋል፣ አለቃዬ ይቆጣኛል፣ ቶሎ በሉ እንጂ፣ ከዚያ የሚዜው ድምፅ፣ እሺ እሺ፣ ከዚያ ጠቅ። ያቺን ጠቅ ያውቃታል። የሊፍቱ ሳጥን ወደሱ ይወርዳል። ጩህ! ጩህ እንጂ አንተ ሰው! አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም፣ እጁ የሱ አይደለም፣ እግሩ የሱ አይደለም፣ ብረቱ ደረቱን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ምድር ቤት ደርሶ ቆመ፣ እንግዶቹ እየተሳሳቁ ገቡ፣ ጫማቸው ከአፍንጫው በላይ ተንኳኳ፣ ወጡ፣ ሄዱ።

መርሳቱን ይቅር ብሎታል። ሰው ይረሳል፣ እሱም ረስቶ ያውቃል። ከልቡ ያልወጣው ሌላው ነው፣ አንጀቱን የሚበላው ሌላው ነው። ሚዜው እሱ ገና በድንጋጤ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ኃላፊው ፊት ቀርቦ፣ ወጥቶ ነበር እኮ፣ ሳይነግረኝ ተመልሶ ገባ፣ ሳበራ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይጮህ አልነበር፣ አፍ የለውም እንዴ? አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ። አፍ የለውም እንዴ! ልጆች ሆነው መምህሩ ጥያቄ ጠይቆት ደርቆ ሲቆም፣ ከጎኑ ብድግ ብሎ፣ ቲቸር እሱ ሲፈራ ድምፁ ይጠፋል፣ እኔ ልመልስለት ያለው ማን ነበር? ይህን ነገሩን እናቱ ታውቃለች፣ ሚስቱ ታውቃለች፣ ሚዜው ያውቃል፣ ሥራ ቦታ ሌላ ሰው አያውቅም። ከውሸት ሁሉ መርጦ ያችኑ አነሳት። ጠዋት ሚስቱ ኮሌታውን እያስተካከለች፣ እውነቱን ብቻ ተናገር አለችው፣ ቀላል ነገር ያዘዘችው መስሏት። ዛሬ ካልተናገረ ደንብ ጥሶ የገባው እሱ ነው፣ ከሥራው ይባረራል፣ ሌላም ቦታ የሚቀጥረው የለም።

ግባ ተባልክ፣ ትለዋለች ጸሐፊዋ።

ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ወንበሩ ከሚዜው ጎን ነው፣ የለመደው የሽቶ ሽታ፣ አይየው፣ ወደ ጠረጴዛው ብቻ ይይ። ኃላፊው እስቲ ካንተ ልስማው ይላል፣ ከጉድጓዱ ሳትወጣ ነው ያበራው? አዎ ማለት ነው፣ አዎ በል፣ ይህን ያህል ከብዶ ነው፣ ጆሮው ጭው ይላል፣ ጉሮሮው በውስጥ ተቆልፏል፣ አፉ ተከፍቷል፣ አየር ብቻ። ዝምታህን እንደ ማመን ልቁጠረው? አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም፣ ማን ይስማው።

ጀርባው ላይ እጅ ያርፋል። የሚዜው እጅ። ጋሼ፣ አይፍረዱበት ይላል፣ ድምፁ የእውነት አዝኗል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ሲፈራ ድምፁ ይጠፋል፣ ቢያርዱትም አይጮህም።

ኃላፊው ቀና ይላል። ቢያርዱትም አይጮህም?

አይጮህም ጋሼ።

ታዲያ ውስጥ ቢሆን ይጮህ ነበር ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?

ኃላፊው ይጠብቃል። ሚዜው አፉን ከፍቷል፣ ምንም አይወጣም፣ እጁ ግን አልተነሳም፣ ጀርባው ላይ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ የመዳፉ ላብ በሱ ሸሚዝ አልፎ ይቀዘቅዘዋል፣ እሱ ይህን ያውቀዋል፣ ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ወይኔ ወንድሜን፣ አሁን ምላሱ እንደ እንጨት ሆኖበታል፣ አሁን ጆሮው ጭው ብሎበታል፣ ብድግ ብሎ እኔ ልመልስለት የሚለው ሰው ይፈልጋል፣ ያ ሰው አጠገቡ ተቀምጧል፣ ጉሮሮውም ሳያስበው ተከፍቷል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ድምፁ ይወጣል፣ ዝቅ ያለ፣ የራሱ።

እጅህን አንሳልኝ።